ማን አሳምርልኝ አለህ?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጓደኛዬ አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። ከሥሩ «አንቺን የሚያናድድ ነገር አገኘሁ» ብላለች። አላሳፈረችኝም፣ ተናደድኩ። ርዕሱ «ጥቅስ ታቦት አይደለም» ይላል። ጸሐፊው ለብዙ ዓመት በአርታኢነት ሠርቻለሁ ባይ ነው፤ ከአጻጻፉም ሥራውን እንደሚያውቅ ያስታውቃል። የሚለው ባጭሩ ይሄ ነው፦ የሰውን ቃል በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ስናስገባ ማረም፣ መቁረጥና ማሳመር መብታችን ነው፤ እንዲያውም ተናጋሪውን ማክበር ነው። ለዚህም ሰባት ምክንያት ደርድሯል።

እኔ ደግሞ ድምፅ ወደ ጽሑፍ እየገለበጥኩ ነው እንጀራ የምበላው። ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ፣ ጣቴ ማቆሚያው ላይ። የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ አምስት ሰዓት ይወስድብኛል፤ ጫጫታ ያለበት ቦታ የተቀዳ ከሆነማ ቀኑን ሙሉ። «ዝም ብለሽ አስተካክይው» የሚል አለቃ ስንቴ እንደገጠመኝ አልቆጠርኩትም። ስለዚህ ሰባቱንም በተራ ልያዛቸው። አንዳንዱ ላይ እቆያለሁ፣ አንዳንዱን ቶሎ አልፈዋለሁ።

የመጀመሪያው ምክንያቱ፦ ሰው እንደሚጽፈው አይናገርም፤ ስለዚህ የተናገረውን እንዳለ ማተም እሱን ማዋረድ ነው።

ግማሹ ልክ ነው። ሰው እያሰበ «እ...» ሲል ቆጥሬ አልጽፍበትም። ሦስት ጊዜ የተደጋገመ «ማለት ነው» አንዱ ይበቃዋል። አንድ ቃል ጀምሮ ተደናቅፎ እንደገና ከጀመረው፣ ሁለተኛውን እወስዳለሁ። በዚህ አንጣላም።

ጸሐፊው ግን የሚያወራው ስለዚህ አይደለም። እሱ የሚፈልገው ንግግሩን «ወደ ጽሑፍ ደረጃ ማድረስ» ነው። ይሄ ደረጃ የተባለው ነገር ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። ጉሊት ላይ ሽንኩርት የሚሸጡ አንዲት እናት የተናገሩትን እንዲህ ገልብጬ ሰጠሁ፦ «ተወደደ ምናምን እያሉ እኔ ላይ ይጮሁብኛል። እኔ ነኝ እንዴ ያስወደድኩት? እኔም እኮ ገዝቼ ነው!» ታትሞ ሲመጣ እንዲህ ሆኗል፦ «ሸማቾች ለተከሰተው የዋጋ ንረት እኛን ቸርቻሪዎችን ተጠያቂ ያደርጉናል፤ ሆኖም እኛም ከአከፋፋዮች የምንረከበው በውድ ዋጋ ነው።»

ስህተት አለው? የለውም። ሐሳቡም ያው ነው ሊባል ይችላል። ሴትየዋ ግን የሉም። ጉሊት ቁጭ ብሎ «የተከሰተው የዋጋ ንረት» የሚል ሰው ካገኛችሁ ጥሩኝ፣ አሥር ኪሎ ሽንኩርት እገዛዋለሁ። «እኔ ነኝ እንዴ?» ብለው የጠየቁት ጥያቄ መግለጫ ሆኖ ወጣ። «እኔ» ያሉት «እኛ ቸርቻሪዎች» ሆነ፤ ሳያውቁት ማኅበር አቋቋሙላቸው! አንባቢ ደግሞ ሞኝ አይደለም። ይሄን ሲያይ የሚጠረጥረው ጋዜጠኛው ከቢሮው ሳይወጣ እንደጻፈው ነው። ልጁ ግን እውነቱን ለመናገር ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ቆሞ ነው የቀዳው። ልፋቱን ነው ያጠፉበት።

ሌላም ነገር አለ። ማሳመሩ ለሁሉም እኩል አይደርስም። የቢሮ ኃላፊው በየመሃሉ «አክችዋሊ» እና «ሶ» ያስገባል፤ ስናትመው ንጹሕ አማርኛ ተናጋሪ ይሆናል። ገበሬው «ኸዚያ ወዲህ» ሲል ግን እንዳለ እንተዋለን፣ ለዛ አለው ብለን። አንዱን አልብሰን ሌላውን እንደመጣ እናቆመዋለን ማለት ነው። ካሳመርክ ሁሉንም አሳምር፤ ካልሆነ ሁሉንም ተው።

ለነገሩ ጸሐፊው ሊጠቅመው የሚችል አንድ የታወቀ የፍርድ ጉዳይ ነበር። አላነሳውም፤ እኔ ላንሳለት። ጄፍሪ ማሶን የሚባል አሜሪካ ውስጥ በሥነ ልቦናው ሊቅ በፍሮይድ ቤተ መዛግብት ይሠራ የነበረ ምሁር አለ። ጃኔት ማልኮም የተባለች ጸሐፊ በ1983 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኒው ዮርከር መጽሔት ላይ ስለ እሱ ጻፈች። እሱ ደግሞ ያላልኩትን አስብላኛለች ብሎ ከሰሳት። ከ40 ሰዓት በላይ የተቀዳ ቴፕ አለ፤ ራሱን «ምሁራዊ ጂጎሎ» (ጂጎሎ በሴት ገንዘብ የሚኖር ወንድ ነው) ብሎ ጠርቷል የተባለው ጥቅስ ግን ቴፑ ላይ አልተገኘም። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1991 ዳኞቹ ቃልን መለወጥ ብቻውን አያስቀጣም፣ ትርጉሙን በመሠረቱ የለወጠ እንደሆነ ግን ሌላ ነው አሉ። ነገሩ ወደ ታች ተመልሶ በ1994 ለማልኮም ተፈረደላት። አሥር ዓመት ገደማ የፈጀ ክርክር ነው።

ታዲያ ይሄ ለጸሐፊው አይመቸውም? ይመቸዋል። ግን ሕጉ የነገረን መቼ እንደማንቀጣ ነው፤ መቼ ጨዋ እንደምንሆን አይደለም። ሳይጠሩ የሰው ሰርግ ገብቶ መብላትም አያስከስስም።

ወደ ሁለተኛው እንሂድ። እዚህ ላይ ቃሉን ራሱን ልጥቀስ፦ «ቆርጦ ማውጣት መለወጥ አይደለም...»

ይቺ በራሴ ደርሳብኛለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጋዜጣ ስለ ቤት ኪራይ ይሠራ ነበርና ስልክ ደውለው ጠየቁኝ። ያልኩት እንዲህ ነው፦ «አከራዬ እንደ እናቴ ናቸው። አራት ዓመት ሙሉ አምስት ሳንቲም አልጨመሩብኝም። አሁን ኑሮው ከብዷቸው መሰለኝ ጨመሩ። ከደመወዜ እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው።» የታተመው ደግሞ እንዲህ ነው፦ «አከራዬ ጨመሩ። ከደመወዜ እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው።» ከነስሜ፣ ከነሰፈሬ።

እትዬ ጋዜጣ አያነቡም። ልጃቸው ነው ያነበበላቸው። ማታ ስገባ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁኝ። ጋዜጣው ታጥፎ ጭናቸው ላይ ነው። «አንቺ ልጅ፣ አንድ ደግ ቃል መናገር ጨንቆሽ ነው?» አሉኝ። «ተናግሬያለሁ እኮ እትዬ!» አልኩ። ጋዜጣውን ዘርግተው በጣታቸው እየነኩ «የታለ?» አሉ። የታለ ይባላል? የለም። ለሦስት ሳምንት የቡና ጥሪ ቀረብኝ። ጭሱ በመስኮቴ ይገባል፣ የሲኒው ድምፅ ይሰማኛል፣ የሚጠራኝ ግን የለም። በኋላ ታረቅን። ግን እሳቸው ዛሬም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ያመኑኝ አይመስለኝም።

ይሄ የእኔ ቡና ነው። በዚሁ በመቁረጥ የተጫረ ጦርነትም አለ። በ1870፣ አሁንም በፈረንጅ ነው፣ የፕሩሲያው ንጉሥ ቪልሄልም ኤምስ በምትባል የፍል ውኃ ከተማ ሲያርፉ፣ የፈረንሳዩ አምባሳደር ቤኔዴቲ መንሸራሸሪያው ላይ አግኝቷቸው አንድ ከባድ ጥያቄ አቀረበ። ከእርስዎ ቤተ ዘመድ ማንም ለወደፊቱ ለስፔን ዙፋን አይታጭም ብለው ለዘለዓለም ቃል ይግቡልን ነው ነገሩ። ንጉሡ እንቢ አሉ፤ ግን በጨዋ ደንብ። የሆነውን የሚተርክ ቴሌግራም በርሊን ላለው ለጠቅላይ ሚኒስትራቸው ለቢስማርክ ተላከ። ቢስማርክም አሳጠረው። በኋላ በማስታወሻው እንዳሰፈረው የሠራው ሥራ መሰረዝ ብቻ ነው፤ አልጨመርኩበትም ባይ ነው። አጥሮ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ግን ንጉሡ አምባሳደሩን እንደ ውሻ ያባረሩ መሰለ። ጁላይ 13 ወጣ፤ ጁላይ 19 ፈረንሳይ ጦርነት አወጀች። ለመዋጋት ሌላም ምክንያት ነበራቸው፤ አደባባዩን ያጋለው ግን ያ አጭር ጽሑፍ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ከላይ የጸሐፊውን ዓረፍተ ነገር ስጠቅስ ቆርጬዋለሁ። ሙሉው እንዲህ ነው፦ «ቆርጦ ማውጣት መለወጥ አይደለም፣ ተናጋሪው ሲያነበው ‹ይሄን አላልኩም› እስካላለ ድረስ።» አያችሁ? መጠንቀቂያ አስቀምጦ ነበር። እኔ ያቺን አንስቼ ግዴለሽ አስመሰልኩት። ሦስት ነጥቧንም በደንቡ አስቀምጫለሁ፤ ማንም ሊከሰኝ አይችልም። ግን ስታነቡት ስለ እሱ ምን አሰባችሁ?

ያ መጠንቀቂያው ራሱ ግን አይሠራም። እኔ ጋዜጣውን ሳነብ «ይሄን አላልኩም» ማለት አልቻልኩም። ብያለሁ! እያንዳንዱ ቃል የኔ ነው። ቆርጦ ማውጣት ክፋቱ ይሄ ነው፤ ባለቤቱ የሚክደው ነገር አያገኝም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ሰውዬው የቀረውን ይክደዋል ወይ ተብሎ አይደለም። የወጣውን ቢያየው «እሱንማ እንዴት ትተዋለህ?» ይላል ወይ ነው። እትዬ ያንን ነው የጠየቁኝ።

በዚያ ላይ በግዴለሽነት ስንቆርጥ ለዋሾ መውጫ እንሠራለታለን። ስንቱ ነው በቪዲዮ ፊት ለፊት የተናገረውን ነገር ሰው ሲቆጣበት «ተቆርጦብኝ ነው» የሚለው? አንዳንዴ እውነቱን ነው። አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። እኛ በደንብ ቆርጠን ብንለምድ ኖሮ ያቺ ምክንያት አትሠራለትም ነበር።

ሦስተኛው ምክንያቱ የእኛው የብቻችን ጉዳይ ነው፤ አንቱታ። ተናጋሪው ስለ ትልቅ ሰው «እሱ» ብሎ ካወራ፣ አርታኢው «እሳቸው» ብሎ ማስተካከል አለበት፤ ነውር ነው ይላል።

ምኑ ነው ነውሩ? ሁለት ወር ውኃ የጠፋበት ሰፈር አስቡ። ሰውዬው ባዶ ጀሪካን ይዞ ቆሟል። ስለ ኃላፊው ሲጠየቅ «ቢሮው ገብቶ ቁጭ ብሏል፣ ስልክ አያነሳም» አለ። ታርሞ ሲወጣ «ቢሮ ገብተው ተቀምጠዋል፣ ስልክ አያነሡም» ሆነ። ንዴቱ የት ሄደ? በአማርኛ አንድ ሰው ሌላውን «አንተ» ማለቱ ወይም «አንቱ» ማለቱ ራሱ ዜና ነው። መናቁንም፣ መቀራረቡንም፣ መቆጣቱንም የምናውቀው በእሱ ነው። የዕድር ሰብሳቢውን ሁልጊዜ «እሳቸው» ሲሉ የነበሩ ሰው አንድ ቀን «እሱ» ካሉ የሆነ ነገር ተፈጥሯል። ያንን አርሞ ማጥፋት ዋናውን ወሬ ማጥፋት ነው። በዚያ ላይ እኛ ፈጣሪን «አንተ» የምንል ሕዝብ ነን። የውኃ ኃላፊው ከዚያ በላይ ነው?

በራስህ ጽሑፍ ውስጥ አክብር። «ኃላፊው አቶ እከሌ በበኩላቸው» በል፤ ማን ከለከለህ? ከጥቅሱ ውጭ ያለው መሬት ሁሉ ያንተ ነው። እኔም ከላይ ጀምሮ ጸሐፊውን «እሱ» እያልኩ ነው የመጣሁት። ዕድሜውን አላውቀውም፤ አባቴ ሊሆን ይችላል። የሚጠቅሰኝ ሰው ግን «እሳቸው» አድርጎ እንዳያርመኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ በኔ ስም ይቀመጥ።

አራተኛው ስለ ምልክት ነው። ቅንፍና ሦስት ነጥብ ጽሑፉን ጉድጓድ የበዛበት አስፋልት ያስመስሉታል፣ አንባቢን ያንገጫግጩታል፣ ስለዚህ አስተካክለህ ምልክቱን ተወው ይላል። ምሳሌዋን ወድጃታለሁ። ምክሩን ግን አልቀበልም። ጉድጓዱን ሳይሞሉ ላዩን ቀለም ቀብቶ ማለፍ ነው እኮ የሚለን።

ቅንፍ ምን እንደሚሠራ በአንድ ነገር ላሳይ። አንዱን ወጣት «ሰርጋችሁ መቼ ነው?» ብለው ጠየቁት። «ገና ነው» አለ። በጆሮ ስትሰማው ችግር የለውም። «ና»ን ጠበቅ ካደረጋት በዓሉን ማለቱ ነው፤ ካላላት ጊዜው አልደረሰም ማለቱ ነው። ፊደላችን ግን ማጥበቅና ማላላት አያሳይም። ወረቀት ላይ «ገና ነው» ብቻ ብጽፍ ግማሹ አንባቢ ለታኅሣሥ ማብቂያ ልብስ ያሰፋል። እዚህ ጋ ነው ቅንፍ የሚያስፈልገው፦ «ገና [የልደት በዓል] ነው»። ቃሉ የሱ፣ ማብራሪያው የኔ። ሁለቱ ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ኒል አርምስትሮንግ በፈረንጆቹ 1969 ጨረቃን ሲረግጥ የተናገራትን ሁሉም ሰው ያውቃታል፤ ለአንድ ሰው ትንሽ እርምጃ፣ ለሰው ልጅ ግን ታላቅ ዝላይ። በእንግሊዝኛው ግን «አንድ» የምትለውን ትርጉም የምትሰጠው «ኤ» የምትል ቁራጭ ቃል በድምፁ ላይ በግልጽ አትሰማም። ያለሷ ደግሞ ነገሩ «ለሰው ልጅ ትንሽ፣ ለሰው ልጅ ትልቅ» ይሆንና ትርጉም ያጣል። አርምስትሮንግ ልል የፈለግኩት ከነ«ኤ»ዋ ነው አለ። ታዲያ ምን ይደረግ? ብዙዎች ቃሏን በቅንፍ ይጽፏታል፤ እሱም በዚያው እንድትጻፍለት ነው የፈለገው። ያ ሁሉ ዝና ያለው ሰው እንኳ ቃሉ ሲስተካከልለት በቅንፍ ይሁን ካለ፣ የኛ ባለሥልጣን ምን ያስቸኩለዋል?

በእርግጥ አንድ ጥቅስ ውስጥ አራት ቅንፍ ካስፈለገ ጥቅሱን ተወው። በራስህ ቃል ንገረን። አማርኛ ለዚህ እጅግ ምቹ ነው፦ «ሰርጋቸው ለገና እንደሆነ ነገረኝ» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ትእምርተ ጥቅሱን ስታወልቀው ነጻ ነህ። ጸሐፊው የሚፈልገው ግን ነጻነቱንም ምልክቱንም አንድ ላይ ነው።

አምስተኛው የፊደል ግድፈት ይታረም ይላል። ይታረም። የጻፈው ሰው ጣቱ ስቶት «መንግስት»ን «መግንስት» ካለ ያንን ይዞ መሳቅ የልጅ ሥራ ነው። የድሮ መጻሕፍትን ፊደል ማስተካከል ላይ ብቻ ትንሽ ቀስ እንበል። ከድሮዎቹ ጠንቃቆቹ ሠ እና ሰ፣ ዐ እና አ ለይተው ይጽፉ ነበር፤ በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ ማለት ነው፣ ለፀሐይ የሚባለው፤ «ሰረቀ» ደግሞ ሌባ የሚያደርገው ነው። ሁሉንም ወደ አንድ ሰ የጨፈለቀ አራሚ ፀሐይን ሌባ ሊያደርጋት ይችላል። መጽሐፉ መግቢያ ላይ «ፊደሉ ተስተካክሏል» የሚል አንድ መስመር ካለ ግን እኔ ቅር አይለኝም።

ስድስተኛው ትርጉም ነው። ከሌላ ቋንቋ የተተረጎመ ጥቅስ ቃሉ የተርጓሚው ነው፤ ስለዚህ እንደፈለገ ያድርገው ይላል። እዚህ ጋ ውጫሌን እንደማነሳ ጠብቃችሁ ከሆነ አላነሳም፤ ሁሉም ሰው ያነሳዋል።

መጀመሪያ የሚስማማኝን ልናገር። ቃል በቃል መተርጎም አይቻልም። «ሆድ ባሰኝ» ያለችን ሴት ሆዷን እንዳመማት አድርጎ የሚተረጉም ሰው ታማኝ አይደለም፣ ደንቆሮ ነው። ስለዚህ ተርጓሚ ነጻነት ያስፈልገዋል። ነጻነቱ ግን ሴትየዋ ያለችውን ለማድረስ ነው፤ እሱ የመሰለውን ለማስባል አይደለም።

ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ይሄን ከኔ የበለጠ ያውቁታል። አሜሪካም ሆነ አውሮፓ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው በአስተርጓሚ በኩል ነው ታሪኩን የሚናገረው። የአስተርጓሚ ሥራ ደንቡ የታወቀ ነው፦ በአንደኛ መደብ ተናገር፣ አትጨምር፣ አትቀንስ። አሁን ሰውየው «ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጡ» አለ እንበል። ለፈረንጁ ሦስት ሰዓት ነው። አንዱ አስተርጓሚ ሳይናገር ይቀይረዋል። በሌላ ቀን የመጣው አስተርጓሚ እንዳለ ዘጠኝ ይለዋል። ፋይሉ ላይ ሁለት የተለያየ ሰዓት ተጻፈ። ዓመተ ምሕረትማ ከዚህ የባሰ ነው። የኔ እናት «በሰባ ሰባት» ካሉ በ1977 የነበረውን ድርቅ ማለታቸው ነው፤ እሱን የማያውቅ ወሎዬ የለም። ያንን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ብትወስደው 1977 የሶማሊያ ጦርነት የፈነዳበት ዓመት ነው፤ ተናጋሪው ስለ ረሃብ እያወራ ስለ ጦርነት የሚቀባዥር ይመስላል። መፍትሔው ዝም ብሎ መቀየርም ዝም ብሎ መተውም አይደለም። ያለውን ተናግሮ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው» ብሎ መጨመር፣ ያውም የጨመርኩት እኔ ነኝ ብሎ። ያው ቅንፍ ነው፣ በአፍ የሚነገር ቅንፍ።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን ተመልሶ የሚተረጎመው ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመስከረም 1956 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ ቆመው ስለ ዘር እኩልነት የተናገሩት በአማርኛ ነው። እንግሊዝኛው ትርጉም ነው። ያ እንግሊዝኛ በኋላ ሬጌ ዘፈን ሆኖ ዓለምን ዞረ፤ በየመሃሉ «ጦርነት» የሚለውን አዝማች ያስገባው ዘፈኑ ነው። አሁን የኛ ሰው ምን ያደርጋል? የዘፈኑን ግጥም ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መልሶ ይተረጉምና፣ የንጉሡን ፎቶ ከላይ ለጥፎ፣ ትእምርተ ጥቅስ አድርጎበት «ጃንሆይ እንዳሉት» ይላል። በአማርኛ ለተናገሩ ሰው አዲስ አማርኛ ተሠራላቸው፣ ከነአዝማቹ! ይሄ ነው «ቃሉ የተርጓሚው ነው» ማለት መጨረሻው።

ሰባተኛው ላይ ጸሐፊው የደበቀውን ትልቁን ዱላ አወጣ፤ ባህላችን ነው አለ። በአማርኛ ስናወራ «እንዲህ አለ፣ እንዲህ አልኩት» እያልን የሰውን ቃል በራሳችን አፍ እንናገራለን፤ ቃል በቃል የሚያስታውስ የለም፤ አበውም «ንባብ ይገድላል፣ ትርጓሜ ያድናል» ብለዋል ይላል።

ስለ ወሬው እውነቱን ነው፤ እንዲያውም ከሱ የበለጠ ልጨምርለት። አማርኛ የሌላውን ሰው ንግግር ሲያወራ በተናጋሪው ቦታ ያስቀምጠናል። «እመጣለሁ አለ» ነው የምንለው፤ መጪው እሱ ሆኖ ሳለ አፉ «እመጣለሁ» ይላል። ስለዚህ ቡና ላይ የሚወራው ሁሉ ጥቅስ ይመስላል። ግን ቡና ላይ ያሉት ሰዎች ጨዋታውን ያውቁታል። እትዬ የቀበሌውን ሰውዬ ድምፅ ቀጭን አድርገው ሲያስመስሉ ማንም ቃል በቃል ነው አይልም። ፊታቸው፣ እጃቸው፣ ሳቃቸው «ይሄ በኔ አባባል ነው» እያለ ይናገራል። ወረቀት ላይ ፊት የለም፤ ያለው ያ ምልክት ብቻ ነው። እንዲያውም ቋንቋችን ጥቅሱንና ወሬውን እንዲህ ስለሚያቀራርብ ነው ምልክቱን ከሌላው ይበልጥ ልንጠነቀቅለት የሚገባን። እሱም ከዋሸን በምን እንለየዋለን?

ስለ አበው ግን ተሳስቷል፤ ያውም ክፉኛ። አባባሏ የጉባኤ ቤት ናት፤ ስለዚህ ጉባኤ ቤት ሄደን እንያት። ንባብ ቤት ያለ ተማሪ ዳዊት ሲደግም አንዷን ቃል ተነሽ በሚባለው የአነባበብ ስልት መነበብ ሲገባት ወዳቂ በሚባለው ካነበባት የኔታ ያስቆሙታል። ቃሉን ለውጦ አይደለም፤ ዜማውን ብቻ! ትርጓሜ ቤት ሲደርስ ደግሞ መጀመሪያ የሚመጣው ንባቡ ነው፣ በግእዝ፣ እንዳለ። ከዚያ አማርኛው ይከተላል። ከዚያ «አንድም» ይባላል። «አንድም» እንዲህ ማለት ነው፣ «አንድም» እንዲያ ማለት ነው እየተባለ፣ አምስትም ስድስትም ሐሳብ ሊዘረዘር ይችላል፤ ታሪክ ይገባል፣ ተረት ይገባል፣ እርስ በርሱ የሚጣላ ሐሳብም ይገባል። የሚያድነው ትርጓሜ ያ ነው። ነጻነቱ ወሰን የለውም፤ ግን አንዱም «አንድም» ንባቡ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አይልም። የኔታ የመሰላቸውን ንባቡ ላይ ጽፈው «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» አይሉም። ጸሐፊው አንድምታውን ንባቡ ውስጥ አስገብቶ ሲያበቃ በአበው ይምላል።

ጸሐፊው መልስ ይጽፍልኝ እንደሆነ አላውቅም። ከጻፈ እንደልቡ ይጥቀሰኝ። ሽንኩርት ሻጯ ያሏትን «ምናምን» እንዳለች ይተዋት፤ እኔ ጸሐፊውን «እሱ» ያልኩትንም አይንካብኝ። ሳይጠሩ ሰርግ ስለመግባት ያልኳትን ግን ቢቆርጣት ቅር አይለኝም፤ መልሼ ሳነባት እኔው ራሴ ትንሽ አፈርኩባት፤ ሦስት ነጥብ ብቻ ያድርግባት።